ጡብ የሌላት አራስ

የእናት ጡት ከልጁ ጋር አብሮ ይመጣል ይባላል። አይመጣም። ልጁ ይመጣል፤ ጡቱ ገና መንገድ ላይ ነው። ይህን ወሬ ከሚያወሩት ሰዎች ግማሾቹ ወንዶች ናቸው፤ የቀሩት ወልደው አሳድገው የረሱ ሴቶች ናቸው። እኔ አልረሳሁም። ልርሳው ብል እንኳ የመቀሌ ሰው አያስረሳኝም።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። ባለቤቴ በመቀሌ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተሾመና ከአዲስ አበባ ተነሥተን ሄድን። እኔ ከመጻሕፍት ሣጥኖቼና ከገፋ ሆዴ ጋር በጭነት መኪና ላይ ተጭኜ ገባሁ። አባቴ የቅኔ መምህር ስለ ነበሩ፣ ሴት ናት ሳይሉ ግእዝ አስተምረውኛል። ፈረንሳይኛም ከሚሲዮን መነኮሳት ቀማምሻለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳላነብ አልጥልም። ስለዚህ ግእዝ ለሚያውቅ ሰው ትግርኛ መማር ጊዜ ማጥፋት ነው ብዬ አምን ነበር። ቃሉን እሰማለሁ፣ ሥሩን አገኛለሁ፣ ትርጉሙን እደርስበታለሁ። አሁን የማወራችሁ ይህ እምነቴ ያደረሰብኝን ነው።

ልጄን ያዋለዱኝ ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃን ናቸው። አደይ ማለት እናቴ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ይጠራቸዋል። ከእኔ ጋር ሲሆኑ፣ እንዳልቸገር ብለው፣ አማርኛ ይናገራሉ። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ አንድ ቃል ሲጠፋቸው የትግርኛውን ያስገቡና ሳያቋርጡ ይቀጥላሉ። ያ አንድ ቃል ነው ቤቴን ሊያቃጥል የነበረው።

ልጁ ወንድ ሆነ። ጮኸ። ጡቴን ሰጠሁት፤ ቀመሰና ፊቱን አዞረ። ጣዕሙን እንዳልወደደው እንግዳ ነው የሆነብኝ። በቅዱሳን ገድል ውስጥ፣ ሕፃኑ ረቡዕና ዓርብ የእናቱን ጡት አልጠባም የሚል ታገኛላችሁ። የእኔው ሰኞም ማክሰኞም አልጠባም፤ እሑድም አልጠባም። ባለቤቴ ሃይማኖተኛ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ደስ አለው። «ምናልባት እኮ . . .» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

ጻድቅ አልነበረም፤ ርቦት ነበር። ጡቴ ጠጥሮ፣ ሲነኩት የሚያም ሆኖ፣ አንድ ጠብታ እንኳ አልወጣ አለኝ። ልጁ ቀን በቀን ቀለለ። ልቅሶው ሲቀንስ ባለቤቴ «ተመስገን፣ ዛሬስ አረፈ» አለ። እኔ ግን የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። የሚያለቅስ ልጅ ጉልበት አለው።

ባለቤቴ ከዐረቡ ሱቅ የቆርቆሮ ወተት አመጣ። ባለ ሱቁ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀው ለሻይ ነው ብሎታል። ቆርቆሮው ላይ አንድ የሰባ የፈረንጅ ሕፃን ተሥሏል፤ ጉንጩንና አገጩን ስታዩት ሦስት አውራጃ የሚገዛ ነው የሚመስለው። ወተቱ ወፍራምና ጣፋጭ ነበር፤ በፈላ ውኃ አቅጥነው ነው የሚሰጡት። ዙሪያውን የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ ከመጻሕፍቴ ኋላ ደበቅኩት።

ለምን ደበቅሽው ትሉኛላችሁ። በዚያ ዘመን የቆርቆሮ ወተት የጣልያን ትራፊ ነው፤ ወታደር የሚጠጣው፣ እናት ላለው ልጅ የማይሰጥ። በዚያ ላይ እኔ ከሸዋ የመጣሁ፣ መጽሐፍ የማነብ፣ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ማንም ያላያት ሴት ነኝ። ሰፈሩ ድሮም ይህች ሴት እንጀራ ትጋግር ይሆን እያለ ይጠራጠር ነበር። ጡት እንኳ የላትም የሚለውን ልጨምርላቸው አልፈለግሁም። ስለዚህ ልጄን የማበላው እንደ ሌባ ነበር። ቤቱ ባዶ ሲሆን በማንኪያ ትንሽ አንጠባጥብለትና አፉን ጠርጌ አስተኛዋለሁ። ችግሩ አራስ ቤት ባዶ የሚሆንበት ጊዜ የለም። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ ገንፎዋን ትበላለች፣ ትመርቃለች፣ ትቀመጣለች። እነሱ እኔን ሲጠይቁ ልጄ ይራባል። ጡት ልስጥ ቢሉ የለም፤ ቆርቆሮ ልስጥ ቢሉ ሰው አለ። ያ ልጅ በወተት እጦት ብቻ አልነበረም የሚከሳው፤ በእኔ እፍረትም ነበር።

አንድ ጠዋት አደይ ለተብርሃን መጡና ልጁን በእጃቸው ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ጓለይ፣ ይሄ ልጅ ቀሏል» አሉኝ፤ ጓለይ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጡቡን አሙቂው።»

«ጡቡን?»

«እወ፣ ጡቡን። በጨርቅ ሸፍነሽ በደንብ አሙቂው። ከዛ ልጁን ወደ ጡቡ አስጠጊው። አንዱን ብቻ እንዳታደርጊ፤ ሁለቱንም ነው።»

«አደይ፣ ጡብ እኮ የለኝም።»

ዐይናቸው ከፊቴ ተነሥቶ ወደ ጋቢዬ ወረደ፤ ተመልሶም ወጣ። «የለሽም?»

«ከየት ይመጣል? እዚህ አገር ያለው ሁሉ ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ስለሆነ እኮ ነው አሙቂው የምልሽ» አሉ፤ ድምፃቸው ራራ።

«የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ጡብ አላቸው?»

አደይ ለተብርሃን ልጁን ቀስ ብለው አስተኙት። «የሌላትን እስከ ዛሬ አላየሁም» ብለው አማተቡና ወጡ።

ትግርኛ የምታውቁ አንባቢዎች አሁን እየሣቃችሁ ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በትግርኛ ጡብ ማለት ጡት ነው። ሴትዮዋ ጡትሽን በሙቅ ጨርቅ ሸፍነሽ አላልተሽ ልጁን አጥቢ ነው ያሉኝ፤ ከዚያ የተሻለ ምክር ሐኪምም አይሰጥ። እኔ ግን የሰማሁት ቤት የሚሠራበትን ጡብ ነው። አንዲት ተራ ሴት ብትሆን ኖሮ፣ ጡብ ለአራስ ምን ያደርጋል ብላ ትጠይቅ ነበር። እኔ አንብቤያለሁ። በብርድ አገር ሰዎች ጡብ በእሳት አግለው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ አልጋ ውስጥ እንደሚያስገቡ በፈረንሳይኛ አንብቤ ነበር። አደይ ለተብርሃንና ፈረንጆቹ በአንድ ቃል ሲስማሙ ሳይ ደስታዬ ወሰን አጣ። ልጁ በርዶት ነው ያልጠባው፤ ሁለት ጡብ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ ሲሞቀው ይጠባል። እውቀት ሰውን ምን ያህል እንደሚያደነቁር የገባኝ ኋላ ነው።

ባለቤቴን ላክሁት። ሁለት ጡብ ካላመጣህ ልጁ ይሞትብናል ስለው ባርኔጣውን ሳያደርግ ወጣ። መቀሌ በድንጋይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ጡብ የሚባል ነገር ጣልያን ከሠራው በቀር አይታይም። ባለቤቴ ደግሞ ትግርኛ መናገር በመጀመሩ የሚኮራ ሰው ነበር። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቢፈልግ ያገኝ ነበር፤ እሱ ግን ልጁን በራሱ ትግርኛ ሊያድን ተነሣ።

የሄደው ወደ ሰኞ ገበያ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀው አንዲት ቅቤ ሻጭ ነው። «ጡብ አለኩም ዶ?» አላት፤ ጡብ አላችሁ ወይ ማለቱ ነው። ሴትዮዋ ቅቤዋን ሸፍና ጀርባዋን ሰጠችው። አልገባት ይሆናል ብሎ ወደሚቀጥለው ሄደ። እዚያ ደግሞ ማብራሪያ ጨመረበት፤ ለሚስቴ ነው፣ ሚስቴ ጡብ የላትም አለ። ሦስተኛዋ ጋ ሲደርስ ልመናውን አቀለለ፤ ሁለት ብቻ ይበቃኛል፣ አዲስ ባይሆንም ግድ የለኝም፣ ሰው የተጠቀመበት፣ ጫፉ የተሰበረም ቢሆን እወስዳለሁ አለ። ጨው ነጋዴዎቹ ግመሎቻቸውን ትተው ሊያዩት ተሰበሰቡ። የአንዷ ባል ዱላውን ይዞ ቀረበና እስቲ የጠየቅኸውን ድገመው አለው። ባለቤቴ ደገመለት፤ እንዲያውም በእጁ መጠኑን አሳየው።

ከዱላው ያተረፉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ይህ ሰው ባለጌ ሳይሆን ችግረኛ ነው ብለው አስበዋል። ዘመድ የሌለው፣ ከሩቅ የመጣ ሹም በአደባባይ ጡት እየለመነ ከዞረ፣ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው ብለው ደመደሙ፤ የጡት ልጅ መሆን። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ጥግ የሌለው ሰው ወደ አንድ ትልቅ ሰው ይሄዳል፣ በማር የተነከረ አውራ ጣት ይጠባል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ ይሆናል። ሽማግሌው እጁን ይዘው ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ግርጌ ወደሚኖሩ አንዲት ባልቴት ወሰዱት። እምበይተይ ትብለጽ ይባላሉ፤ እምበይተይ ማለት እመቤቴ ማለት ነው። ትልቅ ዘር፣ ሰፊ ግቢ፣ ጥቂት ቃል የነበራቸው ሴት ናቸው።

ባለቤቴ ለጥ ብሎ እጅ ነሣና ጡብ ለመናቸው። ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ማር አስመጡ፣ አውራ ጣታቸውን ነከሩና ዘረጉለት። ባለቤቴ ትሑት ሰው ነው። የአገሩ መስተንግዶ ይሆናል፣ ጡቡ ከማሩ በኋላ ይመጣል ብሎ አሰበና ጠባ። ግቢው በእልልታ ሞላ። ግንባሩን ሳሙት፣ ወደይ፣ ልጄ አሉት። እሱም ጥቂት ጠበቀና ጡቡስ አላቸው። ተሰጠህ አሉት። ግራ ገብቶት ሊወጣ ሲል በግቢው ጥግ ጣልያን የሠራው የፈረሰ የዳቦ ምድጃ አየ፤ እውነተኛ፣ ቀይ፣ ያማረ ጡብ። ይህን ልውሰድ ወይ ብሎ በጣቱ አመለከተ። ልጄ ነህ፣ የፈለግኸውን ውሰድ አሉት፤ የልጃቸው የመጀመሪያ ስጦታ የፍርስራሽ ጡብ መሆኑ ሳይገርማቸው አልቀረም።

ጢሙ ላይ ማር እንደተለጠፈበት፣ በሁለት ብብቱ ሁለት ጡብ ይዞ ገባ። ምን እንደደረሰበት በቅጡ ሳይነግረኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ጡቦቹን እሳት ውስጥ ከተትኩ፣ በነጠላ ጠቀለልኩ፣ አልጋው ላይ ልጁን መካከል አድርጌ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አኖርኳቸው። ልጁ ሞቀው፤ ጉንጩ ቀላ። ሥራዬን አይቼ ረካሁ። ያን ዕለት ደግሞ፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠያቂ አልመጣም። የት እንዳሉ ኋላ ነው የሰማሁት፤ ሁሉም ገበያ ላይ ስለ ባለቤቴ እያወሩ ነበር።

ቤቱ ባዶ መሆኑን ሳይ ልጁን አነሣሁና ወደ መጻሕፍቱ ጥግ ሄድኩ። ቆርቆሮውን አወጣሁ፣ ወተቱን አቀጠንኩ፣ ጀርባዬን ለአልጋው ሰጥቼ በማንኪያ መመገብ ጀመርኩ። ዋጠ። ሌላ ሰጠሁት፣ ዋጠ። እኔም ከልጁ አፍ በቀር ምንም አላየሁም። የገለባው ፍራሽ ከኋላዬ መጤስ ሲጀምር ሽታው ቢሰማኝም፣ ፈረንጁ እንደጻፈው ጡቡ ሥራውን እየሠራ ነው ብዬ ተውኩት።

ጭሱን ያዩት ጎረቤቶች ናቸው። በሩ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። አደይ ለተብርሃን ቀድመው ገቡ፤ ከኋላቸው ሰፈሩ ሁሉ ገባ። ከሰፈሩ ኋላ ደግሞ እምበይተይ ትብለጽ ቅቤ ከተሸከሙ ሰዎቻቸው ጋር ደረሱ፤ የአዲሱን ልጃቸውን ልጅ ሊያዩ መምጣታቸው ነበር። ሁሉም ያዩኝ እንዲህ ነው፤ አልጋዬ ይጤሳል፣ ልጄ በአንድ እጄ፣ ማንኪያው በሌላው፣ የጣልያን ቆርቆሮ ፊት ለፊቴ። ፈረንጁ ሕፃን ከቆርቆሮው ላይ ሁላችንንም እያየ ይሥቃል።

ውኃ ተደፋ። ጡቦቹ ችስስ አሉ። አደይ ለተብርሃን የተቃጠለውን ነጠላዬን በእንጨት ገልጠው አዩ።

«እዚ እንታይ እዩ? ይሄ ማቶኒ ምን ያደርጋል አልጋ ላይ?» ማቶኒ የሚሉት የቤት መሥሪያውን ጡብ ነው።

«ጡብ ነው» አልኳቸው። «አሙቂው ያሉኝ።»

አደይ ለተብርሃን አፋቸውን ያዙ። ከዚያ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው፣ ለሕፃን እንደሚያስተምር ሰው፣ «ጓለይ፣ ጡብ ይሄ ነው» አሉኝ።

ሣቁ ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ መጣ። ገበያ ላይ የነበሩት ሴቶች የባለቤቴን ልመና ያን ጊዜ ፈቱትና እየተደጋገፉ ሣቁ፤ አንዷ፣ ጫፉ የተሰበረም ይወስዳል እኮ እያለች ግድግዳ ያዘች። የባቢሎን ሰዎች ቋንቋቸው የተደባለቀው ጡብ እየሠሩ ሳለ ነው። እነሱ እንኳ አልጋ ላይ አላስቀመጡትም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ የመቀሌ መሬት ግን ጭንጫ ናት።

እምበይተይ ትብለጽ አልሣቁም። ቆርቆሮውን አንሥተው አዩት፣ አሸተቱት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ለሻይ ነው።»

ማንኪያውን አዩ፤ ወተት ያረጠበውን የልጁን አገጭ አዩ። ዘወር ብለው ሰዉን በእጃቸው ወደ ውጭ አሳዩት። ሣቁ ቆመ፣ ሁሉም ወጣ፣ አደይ ለተብርሃን ብቻ ቀሩ። እኔ ስድቡን ጠበቅሁ። በሰው ሁሉ ፊት አልሰድባትም ብለው ነው ያስወጧቸው ብዬ አሰብኩ።

አጠገቤ ተቀመጡ። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነበር።

«የበኩር ልጄ ጡቴ ነጥፎ ነው የሞተው» አሉኝ። «ግቢው ፍየል ሞልቶት ነበር። የእነ እገሌ ልጅ የፍየል ወተት ስታጠጣ ታየች እንዳይሉኝ አላለብኩም። ጠያቂ ሲመጣ ባዶ ጡቴን አፉ ውስጥ እከት ነበር፤ የሚጠባ እንዲመስል። እንዴት ያለ ጠቢ ልጅ ነው እያሉ አመሰገኑልኝ። ክርስትና ሳይነሣ፣ ስም ሳይወጣለት ሄደ።»

አደይ ለተብርሃን ወደ መሬት አዩ። ብዙ ቤት አዋልደዋልና ለእሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም።

«ስጪው» አሉኝ እምበይተይ። «እስኪጠግብ።»

ተነሥተው ወጡና በሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን በኋላ እየመጡ እዚያው ይቀመጡ ነበር። ጠያቂ ሲመጣ፣ አራሷ ልጅዋን እያበላች ነው፣ ቆዩ ይላሉ። በምን እንደማበላው የሚጠይቅ ሰው ካለ ፊቱን ትክ ብለው ያዩታል፤ ያ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም። አደይ ለተብርሃን ደግሞ ሙቅ ጨርቅ እያደረጉ፣ እውነተኛውን ጡብ ማለት ነው፣ ቀስ በቀስ አላሉልኝ። ወተቱ መጣ፤ እንደ መጣ ግን አልበቃም። ልጁ በሁለቱም አደገ፤ ከሁለቱ የትኛው እንዳሳደገው ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም። የእናት ወተት ብቻ ይበቃል በሚሉት አልስማማም፤ ቆርቆሮ ይበልጣል የሚሉትም ወተት ሻጮች ናቸው።

እፍረቱ ግን አልለቀቀኝም። ቤታችንን እንዳ ጡብ አሉት፤ የጡብ ቤት ማለት ነው፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ሰው እንደ ፈቃዱ ይተረጉመዋል። ባለቤቴ ችሎት በገባ ቁጥር ባለ ጉዳዮቹ አውራ ጣታቸውን ይደብቃሉ። ይህን ሁሉ ችያለሁ፤ አልጋ ማቃጠልም ችያለሁ። ያልቻልኩት አንድ ነገር ነው። ሞኝነቴ ሰፈሩን ባያሥቅ ኖሮ፣ ልጄን አፉን እየጠረግሁ፣ በጠብታ እያታለልሁ፣ ሰው ሲገባ ባዶ ጡት እያስያዝኩ እቀጥል ነበር። እምበይተይ የልጃቸውን ነገር በነገሩኝ ቀን ያፈርኩት በጡቡ ሳይሆን በዚህ ነው። ያዳነኝ ብልህነቴ አይደለም፤ የተቃጠለ ፍራሽ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ፤ ደግሜም አልጠይቅም። አራስ ቤት ስትገቡ ልጁ ምን እንደሚጠጣ አትጠይቁ። ጡትሽ መጣልሽ ወይ አትበሉ። ገንፏችሁን ብሉ፣ መርቁ፣ ቶሎ ውጡ።